ሃሪኬን ሲመጣ እንሽሽ ወይስ እንቆይ? ለሂዩስተኗ ጠያቂ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ ሰላም ለእርስዎ ይሁን። በቅርቡ ከዴንቨር ወደ ሂዩስተን ተዛውረናል። ደቡብ ምዕራብ በኩል፣ አፓርትመንት ተከራይተን ግራውንድ ላይ ነው የምንኖረው። ሁለት ልጆች አሉን። እናቴም አብራን ናት። ስኳር አለባት፣ ኢንሱሊን ትወጋለች። ባለቤቴ ኡበር ይሠራል። እሱ "ሃሪኬን ከመጣ መኪናችንን አስነስተን ዳላስ ነው፣ አለቀ" ይላል። እኔ ደግሞ ከተማው በሙሉ አንድ መንገድ ላይ ሲወጣ እየታየኝ እፈራለሁ። ማናችን ነን ልክ? ሌላው ደግሞ የእድራችን ሰዎች በአደጋ ጊዜ እንዴት እንደምንረዳዳ ልንመካከር ነው። ከምግብና ከልብስ ሌላ ምን ማድረግ ይቻላል?

ምላሽ፦

እህቴ፣ ሁለታችሁም ግማሽ ግማሽ ልክ ናችሁ። አንቺ መንገዱን መፍራትሽ ተገቢ ነው። እሱም መውጫ ማሰቡ ጥሩ ነው። ግን ሃሪኬን ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም፤ ሂዩስተንም ሁሉም ሰፈሯ አንድ አይደለም። መውጣት ያለበት ማን እንደሆነ የሚወስነው በዋናነት የምትኖሩበት ዚፕ ኮድ ነው። (የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ስለ መንገዱ ልጀምር። በ2005 ካትሪና ኒው ኦርሊንስን ካሰጠመች አንድ ወር እንኳ ሳይሞላ ሪታ የምትባል ሃሪኬን ወደ ቴክሳስ አቀናች። ሰዉ የኒው ኦርሊንስን ጉድ በቴሌቪዥን አይቶ ደንግጧል። ውጡ የተባለውም ያልተባለውም ተነቅሎ ወጣ። ከ2 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ አውራ ጎዳናውን ሞላው። ነዳጅ ማደያዎች ደረቁ። በዚያ ሙቀት መኪናው ለሰዓታት ሳይንቀሳቀስ ቆመ። በሽሽቱ ብቻ ከ100 በላይ ሰው ሞቷል። ከእነሱ ውስጥ 23ቱ ዳላስ አካባቢ አውቶቡሳቸው በእሳት የተያያዘባቸው አረጋውያን ናቸው። ሪታ ራሷ ግን መጨረሻ ላይ ወደ ሉዊዚያና ድንበር ዞር አለች። በ2017 ሃርቪ ሲመጣ የሂዩስተን ከንቲባ የነበሩት ሲልቬስተር ተርነር ከተማውን ልቀቁ ብለው ያላዘዙበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ስለዚህ ደንቡ ቀላል ነው፦ ከውሃ ይሸሻል፣ ከነፋስ ይደበቃል። የሚሸሸው ውሃ ደግሞ በመጀመሪያ ደረጃ ነፋሱ ወደ የብስ የሚገፋው የባሕር ውሃ ነው። በ1900 የባሕር ዳሯን ከተማ ጋልቬስተንን መትቶ ወደ 8 ሺህ የሚገመት ሰው የጨረሰው እሱ ነው። በ2008 አይክ ሲመታ ከ1 እስከ 5 ባለው የነፋስ ደረጃ ካቴጎሪ 2 ብቻ ነበር፤ ቦሊቫር የሚባለውን የባሕር ዳር ቀበሌ ግን ጠራርጎ ወሰደው። ይህ ውሃ ሊደርስባቸው የሚችሉ አካባቢዎች በዚፕ ኮድ ተለይተው ካርታ ወጥቶላቸዋል፦ ባሕር ዳሩ፣ ከዚያም ኤ፣ ቢ እና ሲ ዞን። የእናንተን ዚፕ ኮድ ካርታው ላይ ፈልጊ። ደቡብ ምዕራብ ሂዩስተን ከባሕሩ ራቅ ያለ ስለሆነ እዚያ ውስጥ ላታገኚው ትችያለሽ። ካርታው ውስጥ ከሌላችሁ፣ የባሕር ውሃ ፈርታችሁ ዳላስ የምትሮጡበት ምክንያት የለም። በዚያ ሰዓት መንገዱን ለጋልቬስተን ሰዎች ልቀቁላቸው።

ይሁንና እናትሽ አሉ። የባለቤትሽን እቅድ ሙሉ በሙሉ የማልጥለው በእሳቸው ምክንያት ነው። በሐምሌ 2024 የመጣው ቤሪል ካቴጎሪ 1 ነበር፤ ከሁሉም ዝቅተኛው ማለት ነው። ከ2 ሚሊዮን በላይ የኤሌክትሪክ ደንበኛ ግን ጨለማ ውስጥ ከተተ። ብዙ ቤት መብራት ሳያይ ሳምንት አለፈው። የሂዩስተንን የሐምሌ ሙቀት ያለ ኤሲ አስቢው። ብዙ ሰው የተጎዳው ነፋሱ ካለፈ በኋላ በነበረው ሙቀት ነው። ለእናንተ የሚበጀው እቅድ እንግዲህ ይህ ነው፦ ወይ ሰው ሳይነቃ፣ ሦስት ቀን ቀድማችሁ እናትሽንና ልጆቹን አውጡ፤ ወይ ደግሞ ቤት ቆይታችሁ ነፋሱና ጎርፉ ካለፈ፣ መንገዱ ከተከፈተ በኋላ መብራት ወዳለበት ከተማ ሂዱ። መሃል ላይ፣ ሊመታ አንድ ቀን ሲቀረው መነሳት የለም። ለዚህ ሲባል የኡበሩ መኪና ከሰኔ እስከ ኅዳር ከግማሽ በታች ነዳጅ አይኑረው።

የቴክሳስ መንግሥት ብቻውን መውጣት ለማይችል ወይም የሕክምና ድጋፍ ለሚያስፈልገው ሰው ስቲር የሚባል መዝገብ አለው። 211 ደውለሽ እናትሽን አስመዝግቢ። መመዝገቡ "በእርግጠኝነት መጥተው ይወስዷቸዋል" ማለት አይደለም። ያልተመዘገበ ሰው መኖሩን ግን ማንም አያውቅም።

አሁን ወደ እናንተ ዋና ስጋት ልምጣ፦ ዝናብ። በዜና የምትሰሚው ካቴጎሪ 1፣ 2፣ 3 የሚባለው ቁጥር የሚለካው የነፋስ ፍጥነት ብቻ ነው። ስለ ዝናቡ አንድም ነገር አይነግርሽም። ሃርቪ ነሐሴ 25 ቀን 2017 ሮክፖርት አጠገብ ሲገባ ካቴጎሪ 4 ነበር። ሂዩስተንን ያጥለቀለቃት ግን ነፋሱ ከደከመ በኋላ ነው። አልሄድም ብሎ ተቀመጠና ቀናት ሙሉ ዘነበ። ኔደርላንድ በምትባል የቴክሳስ ከተማ 1,539 ሚሊ ሜትር ተመዘገበ። አዲስ አበባ ዓመቱን ሙሉ፣ በልጉንም ክረምቱንም ደምራ ከምታገኘው ይበልጣል።

ያኔ ሂዩስተን ባለችበት በሃሪስ ካውንቲ ብቻ ከ154 ሺህ በላይ ቤት ውሃ ገባበት። ከእነዚህ ውስጥ 68 በመቶው "የጎርፍ ቀጠና" ተብሎ ካርታ ላይ ከተከለለው ውጪ ነበሩ። 64 በመቶው ደግሞ የጎርፍ ኢንሹራንስ አልነበራቸውም። ስለዚህ "ሰፈራችን የጎርፍ ሰፈር አይደለም" የሚልሽን ሰው በትሕትና አዳምጠሽ እለፊው። ብሬይስ ባዩ የሚባለው ወንዝ አጠገብ ያለው የሜየርላንድ ሰፈር በ2015፣ በ2016 እና በ2017፣ ሦስት ዓመት በተከታታይ ነው የሰጠመው።

አከራያችሁን አንድ ነገር ጠይቂ። ከ2022 መጀመሪያ ጀምሮ የቴክሳስ አከራይ ቤቱ በጎርፍ ቀጠና ውስጥ መሆኑን፣ ባለፉት 5 ዓመታትም ውሃ ገብቶበት እንደሆነ ለተከራይ በጽሑፍ የማሳወቅ ግዴታ አለበት። ሊዙን (የኪራይ ውሉን) ስትፈርሙ ከተሰጣችሁ ወረቀት ውስጥ ይኖራል። ከሌለ ጠይቂ፣ በኢሜይል ጠይቂ።

ከዚያ ኢንሹራንስ። የተከራይ ኢንሹራንስ ካላችሁ ጎሽ፤ ግን ጎርፍን አይሸፍንም። የጎርፍ ለብቻው ነው የሚገዛው። ተከራይም ለዕቃው ብቻ መግዛት ይችላል፤ በፌዴራሉ ፕሮግራም እስከ 100 ሺህ ዶላር ድረስ። ዋናው ችግር ከገዛሽ በኋላ ሥራ የሚጀምረው በ30 ቀኑ መሆኑ ነው። ዜናው ላይ ያ የተጠቀለለ ደመና ሲታይ መደወል ዋጋ የለውም። ግራውንድ ላይ ስለምትኖሩ ይህን ለነገ አታሳድሪው።

የመኪናውም እንዲሁ። ለእናንተ ከቤቱ ይልቅ መኪናው ነው እንጀራችሁ። ርካሹ ኢንሹራንስ፣ ሌላ ሰው ላይ ላደረስሽው ጉዳት ብቻ የሚከፍለው፣ ጎርፍ ለበላው መኪና ሳንቲም አይሰጥም። ጎርፍን የሚሸፍነው ኮምፕሪሄንሲቭ የሚባለው ነው። ባለቤትሽ ፖሊሲውን አውጥቶ ያንብብ። ኡበር እንደሚሠራበትም ኩባንያው ይወቅ፤ ደብቆ መሥራት ክሌም (የካሳ ጥያቄ) ሲመጣ ነው ጉዱ የሚፈላው። ማዕበሉ ገልፍ ውስጥ፣ ማለትም ከቴክሳስ ፊት ለፊት ያለው ባሕር ውስጥ ከገባ በኋላ ደግሞ አብዛኞቹ ኩባንያዎች አዲስ ሽፋን መሸጥ ያቆማሉ። ዝናቡ ከመጀመሩ በፊት መኪናውን ከፍ ያለ ፓርኪንግ ጋራዥ ላይ ያውጣው፤ ሦስተኛ ፎቅ እንኳ ቢሆን መልካም ነው። ውሃ ውስጥ ገብቶ "ትንሽ ናት፣ አልፋታለሁ" እንዳይል። 30 ሳንቲ ሜትር ውሃ ብዙ መኪናዎችን ያንሳፍፋል። 60 ሳንቲ ሜትር ደግሞ ትልልቆቹንም ይወስዳል። ማታ ማታ የሚሠሩ ሾፌሮቻችን የሚጎዱት እዚህ ላይ ነው። ዋጋው በእጥፍ ሲጨምር ያጓጓል። ይቅርበት።

ቤት ውስጥ ምን ይያዝ ለሚለው ዝርዝሩ በየቦታው ስላለ አልደግመውም። ውሃ ለአንድ ሰው በቀን አንድ ጋሎን ነው፤ ለእናንተ ለአምስታችሁ በሳምንት 35 ጋሎን። ለሽንት ቤት የሚደፋውን ውሃ የመታጠቢያ ገንዳውን ሞልቶ መያዝ ይቻላል። ምግብን በተመለከተ እኛ ሐበሾች ዕድለኞች ነን። ፈረንጁ የታሸገ ቱና ሲያከማች እኛ በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ቋንጣ፣ ድርቆሽ አለን። በሶ እሳት አይፈልግም፤ ውሃና ጨው ይበቃዋል። እንጀራ ግን በዚያ ሙቀት ቶሎ ይሻግታል፤ ቀድመሽ ድርቆሽ አድርጊው። ፍሪጅ ሳይከፈት የሚያቆየው 4 ሰዓት ያህል ነው። ጢም ብሎ የሞላ ፍሪዘር ደግሞ እስከ 48 ሰዓት። ለበዓል የተገዛ የክትፎ ሥጋ ፍሪዘር ውስጥ ካለሽ መብራት በጠፋ ማግስት ሠርታችሁ ከጎረቤት ጋር ብሉት። ለእናትሽ ካርቦሃይድሬቱ ይመጠን። ስኳራቸው ዝቅ ቢል የሚሰጣቸው ጁስም አይጥፋ።

ኢንሱሊኑ። አብዛኛው ኢንሱሊን ከፍሪጅ ወጥቶ ከ59 እስከ 86 ፋራናይት ባለ ሙቀት ውስጥ እስከ 28 ቀን ይቆያል። መብራት በጠፋበት የሂዩስተን ቤት ግን ከ86 በላይ መውጣቱ አይቀርም። ስለዚህ ትንሽ የበረዶ ሳጥን ያስፈልጋል። ኢንሱሊኑ በረዶውን በቀጥታ አይንካ፤ በፎጣ ተጠቅልሎ ይቀመጥ። አንዴ ከቀዘቀዘና በረዶ ከሠራ ያ ኢንሱሊን አይሠራም፣ ይጣላል። አንዳንድ ሰው እርጥብ ጨርቅ በተጠቀለለ ሸክላ ውስጥ እንዲቀመጥ ይመክራል። ይህ ደረቅ አየር ላይ ግሩም ነው። የሂዩስተን አየር ግን ራሱ ውሃ ነው፤ ጨርቁ አይተንም፣ ሸክላውም አይቀዘቅዝም። መድኃኒቱ ካለቀ ደግሞ የቴክሳስ ፋርማሲስት በአስቸኳይ ጊዜ ሐኪሙን ማግኘት ባይቻልም እስከ 30 ቀን የሚበቃ ኢንሱሊን መስጠት ይችላል። አሮጌውን ጠርሙስ ወይም ካርቶኑን አትጣይው፤ እሱን ማሳየት ነገሩን ያቀልላል።

አሁን የምለውን እባክሽ ለእድሩም ንገሪ። መብራት ሲጠፋ ቡና በከሰል ምድጃ ቤት ውስጥ አይፈላም። ጀነሬተር ቤት ውስጥ፣ በረንዳ ላይ፣ ጋራዥ ውስጥ አይነሳም፤ ከበርና ከመስኮት ቢያንስ 6 ሜትር ይራቅ። መኪና ጋራዥ ውስጥ አስነስቶ ስልክ ቻርጅ ማድረግም የለም፣ በሩ ተከፍቶ እንኳ ቢሆን። የካርቦን ሞኖክሳይድ ጋዝ ሽታ የለውም፣ አይታይም። ራስ ምታት ይመስልሻል፣ እንቅልፍ ይመስልሻል። በ2021ዱ ቅዝቃዜ ቴክሳስ ውስጥ መብራት ሲጠፋ በዚህ ጋዝ ከሞቱት መካከል የእኛው ሰዎችም ነበሩበት። በባትሪ የሚሠራ ጠቋሚ መሣሪያ ርካሽ ነው። መኝታ ክፍሎቹ አጠገብ አድርጊ።

ይህን ሁሉ ካልኩ በኋላ ዋናውን ልናገር። እኔ ከአደጋ በኋላ የማየው ሰው አብዛኛው ውሃና ሻማ አጥቶ አይደለም የተጎዳው። ወረቀት አጥቶ ነው። አንዳንዱም ወረቀቱ እያለው በሚናገረው ነገር ነው። ቤቱ ውሃ ገብቶበት ምንም ያላገኘ ሰው፣ ከጎኑ ግን ያው ዓይነት ጉዳት ደርሶበት የተከፈለው ጎረቤት ማየት የተለመደ ነው።

ዛሬ ማታ ስልክሽን አውጪና ቤቱን በሙሉ በቪዲዮ ቅረጪ። ቁም ሳጥኑን ክፈቺ፣ ቴሌቪዥኑን ከኋላው ሴሪያል ቁጥሩ እስኪታይ ቅረጪ፣ የእናትሽን የአገር ልብስና ወርቅም እንዲሁ። ሊዙን፣ የመብራት ቢሉን፣ መታወቂያውን፣ ግሪን ካርዱን፣ የዜግነት ሰርተፍኬቱን፣ የልጆቹን የልደት ወረቀት ፎቶ አንሺ። አንድ ቅጂ ኢሜይልሽ ላይ ይቀመጥ፣ አንዱን ዴንቨር ላለ ዘመድ ላኪ። ዋናዎቹ ውሃ በማያስገባ ከረጢት ይግቡ። የዜግነት ሰርተፍኬት ከጠፋ ምትኩን ለማግኘት ገንዘብም ወራትም ይፈጃል።

የስማችን ነገር ደግሞ አለ። እኛ ዘንድ ባል በአባቱ ስም ይጠራል፣ ሚስት በአባቷ፣ ልጆች በአባታቸው፣ እናትሽም በራሳቸው አባት። አንድ ጣሪያ ሥር አራት የተለያየ የቤተሰብ ስም ማለት ነው። ፌማ፣ ማለትም የፌዴራሉ የአደጋ ጊዜ እርዳታ መሥሪያ ቤት፣ አንድን ቤተሰብ በአንድ ማመልከቻ ነው የሚያየው። ሁለት ሰው ከአንድ አድራሻ በተለያየ ስም ካመለከተ ሲስተሙ ያቆመዋል። ስለዚህ ማን እንደሚያመለክት አሁን ወስኑ፤ አንድ ሰው ብቻ። የዚያ ሰው ስም ሊዙ ላይም ቢሉ ላይም መታወቂያው ላይም አንድ ዓይነት ፊደል ይኑረው። አንዱ ቦታ በአንድ፣ ሌላው ቦታ በሁለት ፊደል የተጻፈ ስም ስንት ማመልከቻ አንጠልጥሏል።

አደጋው ከደረሰ በኋላ መጀመሪያ ኢንሹራንስ ካለ እሱ ጋ ነው የሚደወለው። ከዚያ ፌማ። ፌማ ለግለሰብ የሚረዳው ፕሬዚዳንቱ ካውንቲያችሁ ለግለሰብ እርዳታ የሚሰጥበት የአደጋ ቦታ ነው ብሎ ካወጀ ብቻ ነው። ከታወጀ ማመልከቻው አብዛኛውን ጊዜ 60 ቀን ነው። በስልክ ስትደውሉ አማርኛ አስተርጓሚ ጠይቁ፤ ነጻ ነው። ልጁ እንዲያስተረጉም አታድርጉ። የ12 ዓመት ልጅ ስለ ኢንሹራንስ ቃል ምን ያውቃል?

ሲጠይቋችሁ ደግሞ "ተመስገን፣ ደህና ነን" አትበሉ። ይህን የምለው ሳልቀልድ ነው። ቤታችሁ ለመኖር ደህና ነው ወይ ሲባል ሰዋችን በይሉኝታ "አዎ፣ ደህና ነው" ይላል። ምንጣፉ ረጥቧል፣ ግድግዳው ሻጋታ ጀምሯል፣ እሱ "ከኛ የባሰ አለ" ይላል። ያ መልስ ይመዘገባል። መርማሪም ላይላክ ይችላል። ያለውን ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ መናገር ነው። ልመና አይደለም፤ ታክስ የከፈላችሁበት ነው።

"አልተፈቀደልዎትም" የሚል ደብዳቤ ቢመጣ አትቅደዱት። ብዙ ጊዜ የጎደለው አንድ ወረቀት ነው፦ ኢንሹራንሱ የከለከለበት ደብዳቤ፣ ወይም እዚያ መኖራችሁን የሚያሳይ ቢል። ደብዳቤው ላይ ካለው ቀን አንስቶ ይግባኝ ለማለት 60 ቀን አለ። ፌማ የሚሰጠው ገንዘብ ሕይወትን ወደነበረበት እንደማይመልስም እወቁ። ለአስቸኳይ ፍላጎት መጀመሪያ የሚሰጠው ከጥቅምት 2024 ጀምሮ 770 ዶላር ነበር። ተከራይ ለዕቃውና ለመኪናው ኤስቢኤ ከሚባለው የፌዴራል አበዳሪ መሥሪያ ቤት እስከ 100 ሺህ ዶላር መበደር ይችላል፤ ግን ብድር ነው፣ ይከፈላል። ባለቤትሽ ሥራ ከቆመበት ለግል ሠራተኞች የሚሆን የአደጋ ጊዜ የሥራ አጥነት ክፍያ አለ። የኡበር ገቢውን የሚያሳየውን ወረቀት ያስቀምጥ። ፉድ ስታምፕ የሚያገኙ ሰዎች መብራት ጠፍቶ ምግብ ከተበላሸባቸው በ10 ቀን ውስጥ አሳውቀው ይተካላቸዋል።

የፌማ ገንዘብ ለዜጋ፣ ለግሪን ካርድ ባለቤት፣ ጥገኝነት ወይም የስደተኛነት መብት ለተሰጠው ሰው ነው። ጉዳዩ ገና በመታየት ላይ ያለ፣ ወይም ቲፒኤስ (ጊዜያዊ የመቆያ ፈቃድ) ብቻ ያለው ሰው በራሱ ስም አያገኝም። አብሮት የሚኖር፣ ሶሻል ሴኩሪቲ ያለው፣ አሜሪካ የተወለደ ልጅ ካለው በልጁ በኩል ማመልከት ይችላል። ከዚያ በፊት ግን ጠበቃ ያነጋግር። ነጻ የሕግ ድጋፍ የሚሰጡ ድርጅቶች ከአደጋ በኋላ ይገኛሉ።

ቤቱ ጭራሽ የማይኖርበት ከሆነ በቴክሳስ ሕግ ተከራይም አከራይም በጽሑፍ አሳውቆ ሊዙን ማፍረስ ይችላል። በከፊል ከተጎዳ ኪራይ መቀነስ ይቻላል፤ ካልተስማማችሁ ግን የፍርድ ቤት ውሳኔ ይጠይቃል። በራሳችሁ ፈቃድ "ቤቱ ተበላሽቷል" ብላችሁ ኪራይ ማቆም ግን ማስወጣትን ያመጣል። አታድርጉት።

እንግዲህ እድሩ። ሐበሻ ለቅሶ ማድረስ ያውቅበታል። ቤቱ ውሃ የገባበት ሰው ዘንድ በመጀመሪያው ሳምንት ምግብ ይትረፈረፋል፣ ቤቱ በሰው ይሞላል። በሦስተኛው ወር ግን ማንም የለም። ፌማ እምቢ ያለበት ደብዳቤ የሚመጣው፣ ኮንትራክተሩ ገንዘብ ይዞ የሚጠፋው፣ ሰውየው ከሥራ ሲመለስ ወረቀት የሚያገላብጠው ደግሞ ያኔ ነው። እድራችሁ አንድ ነገር ብቻ ቢያደርግ የወረቀት ደቦ ያድርግ። ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ከቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ወይም ከመስጊድ አንድ ጥግ፣ እንግሊዝኛ ደህና አድርገው የሚያነቡ ወጣቶች ከላፕቶፕና ከስካነር ጋር ይቀመጡ። ሰው ደብዳቤውን ይዞ ይምጣ። ይህን ሦስት አራት ወር ቀጥሉት።

ሁለተኛ፣ መተዳደሪያ ደንባችሁን አውጥታችሁ አንብቡ። ብዙ እድር ስለ ሞት፣ ስለ ሬሳ መላኪያ ብቻ ነው የሚያወራው። አደጋ ደርሶ "ከእድሩ ገንዘብ ይሰጥ ወይ?" ብላችሁ ያኔ ብትነጋገሩ ጭቅጭቅ ነው። አሁን ወስኑ፦ ለተጎዳ ቤት ስንት፣ ማን ይፈቅዳል፣ በስንት ቀን። መጠኑ ትንሽ ቢሆን ችግር የለውም። በመጀመሪያው ሳምንት የተሰጠ ትንሽ ገንዘብ ለሞቴል፣ ለነዳጅ፣ ለመድኃኒት ይሆናል።

ሦስተኛ፣ የአባላት ዝርዝር። በአሥር ቤት አንድ ጠሪ ይኑር። ዝርዝሩ ላይ ማን ብቻውን እንደሚኖር፣ ማን ዲያሊሲስ (የኩላሊት እጥበት) እንደሚያደርግ፣ ማን መኪና እንደሌለው፣ ማን ከላይ ፎቅ ላይ ትርፍ ክፍል እንዳለው ይጻፍ። ኢንተርኔት ስለሚጠፋ በወረቀትም ይታተም። ከማዕበሉ በፊት አንዴ፣ ካለፈ በኋላ አንዴ ይደወል። ሌሊት የሚሠሩ አረጋውያን ዘበኞች ብቻቸውን ስለሚኖሩ ቶሎ የሚረሱት እነሱ ናቸው።

ቤት የማጽዳት ደቦም ያስፈልጋል። ሻጋታ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ውስጥ ይጀምራል፤ የረጠበ ምንጣፍና ሺትሮክ (የግድግዳው ጂፕሰም ሰሌዳ) ቶሎ መውጣት አለበት። ግን ቅደም ተከተል አለው። መጀመሪያ መብራቱ ከዋናው ይጥፋ። ከዚያ ፎቶ፣ ውሃው ግድግዳው ላይ የደረሰበት መስመር ጭምር። ከዚያ ነው ማውጣቱ። ኤን 95 ማስክ፣ ወፍራም ጓንት፣ ቦት ጫማ ያስፈልጋል። በረኪናን ከአሞኒያ ጋር አትቀላቅሉ። ተከራይ ከሆነ ሰው ግድግዳ አትቁረጡ፤ የባለቤቱ ፈቃድ ይፈልጋል። የሠራችሁትን ሰዓት መዝግቡ፦ ስም፣ ቀን፣ ቦታ፣ ሰዓት። ለአደጋው ከሚወጣው ወጪ የአካባቢው መንግሥት የሚሸፍነው ድርሻ አለ፤ በትክክል የተመዘገበ የበጎ ፈቃድ ሥራ በዚያ ሊታሰብለት ይችላል። መዝገቡን ይዛችሁ ከአደጋው በኋላ በአካባቢው የሚቋቋመው የረጅም ጊዜ መልሶ ማቋቋም ኮሚቴ ስብሰባ ላይ ተገኙ። ጠረጴዛው ላይ ያልተቀመጠ ማኅበረሰብ የአስተርጓሚም የገንዘብም ድርሻ አይደርሰውም።

ስለ ኮንትራክተር አንድ ነገር ብቻ። ቴክሳስ ለጠቅላላ ኮንትራክተር ፈቃድ አትሰጥም። "ፈቃድ አለኝ" የሚለው ቃል ብዙ አያጽናና። ከሩቅ የመጣ ኮንትራክተር ደግሞ አደጋ በታወጀበት ቦታ ሥራ ሳይጀምር ቀብድ መጠየቅ በሕግ አይችልም። አባላቱ ይህን ይወቁ። ፎርም ለመሙላት ገንዘብ የሚጠይቅ የአገር ሰውም ካለ ማመልከቻው ነጻ እንደሆነ ንገሩት። ከሚጠይቀው ገንዘብም በላይ የሚያሳስበው የሰዉን ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ይዞ መቅረቱ ነው።

ልብሱን ተዉት። በየአደጋው የሚሰበሰበው ልብስ አዳራሹን ይሞላል። እሱን የሚለዩት ሰዎች ደግሞ ሺትሮክ ማውጣት ይችሉ የነበሩት ሰዎች ናቸው። በዚያ ምትክ የግሮሰሪና የሆም ዲፖ የስጦታ ካርድ ሰብስቡ። ዕቃ ማዋጣት የሚፈልግ አባል ካለ ደግሞ ማራገቢያ፣ የእርጥበት መምጠጫ ማሽን፣ አዲስ ፍራሽ ይስጥ።